የአንባቢያን ጥያቄ፦ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና የእንጦጦ መንገድ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ማውንቴን ባይክ (የተራራ ብስክሌት) ናቸው፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከእንጦጦ ስለማልጠፋ መልሱን ለኔ ሰጥተውኛል። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አንዳንዱ መልስ ላይ ግን ሰፋ ብያለሁ፣ በተለይ ሦስተኛው ላይ፣ ምክንያቱም እሱ ነገር ከልቤ ነው ሚያሳስበኝ።

«ሰላም፣ ከኮተቤ ነኝ። በቅርቡ ያገለገለ ማውንቴን ባይክ ገዛሁ። ሜዳ ላይ አሪፍ ነው፣ ግን ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ መውጣት ስጀምር ግማሽ ሳልደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ ወርጄ እገፋለሁ። ጓደኞቼ ሳይክሉ ከባድ ነው ቀይረው ይሉኛል። ልቀይር?»

ኧረ አትቀይረው ወንድሜ፣ ቢያንስ አሁን አትቀይረው። መጀመሪያ ስለ አየሩ እናውራ፣ አዲስ አበባ ራሷ ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የእንጦጦ አናት ደግሞ 3,000ን ያልፋል፣ እዛ ላይ በአንድ ትንፋሽ ምታገኘው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆመህ ከምታገኘው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ሯጮቻችን እንጦጦና ሱሉልታ እየወጡ ሚሰሩት ለዚሁ ነው እኮ። ስለዚ ትንፋሽህ ማጠሩ ያለ ነው፣ ጥያቄው ያለችህን ትንፋሽ እንዴት ትከፋፍላታለህ ነው።

ብዙ ሰው ዳገቱን በሜዳ ፍጥነት ይጀምረዋል፣ ከዛ እግሩ ሲከብደው ነው ማርሽ ሚፈልገው፣ ያኔ ካቴናው ተወጥሮ ስለሚሆን ኳኳኳ ብሎ ይዘላል ወይ ጭራሽ ይወልቃል። ማርሹን ዳገቱ ሳይጀምር ቀይር፣ ስትቀይር ደግሞ ለአንድ ሁለት ዙር ፔዳሉን ለስለስ አርገህ ርገጥ። ያገለገሉት ሳይክሎች ላይ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት፣ ፔዳሉ ጋ፣ ሦስት ባለ ጥርስ ክብ አለ፣ ትንሿን አትናቃት፣ ለእንጦጦ የተሰራች ናት። ፊት ትንሿ ኋላ ትልቁ ላይ አርገህ፣ እግርህ ቶሎ ቶሎ እየዞረ ግን እየቀለለው፣ አጠገብህ ካለ ሰው ጋር አጫጭር ወሬ ማውራት በምትችልበት ፍጥነት ውጣ። ማውራት ካቃተህ ፈጥነሃል ማለት ነው፣ ቀንስ።

ኮርቻህንም እየው፣ መንገድ ላይ ከማያቸው ልጆች አብዛኛው ኮርቻው ዝቅ ብሎ ጉልበቱ ደረቱን ሊነካ ነው ሚነዳው፣ ይሄ ጉልበት ይጎዳል አቅምም ይበላል። ቁጭ በልና ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አርግ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ካለ ልኩ እሱ ነው፣ በእግርህ ፊት ስትረግጥ ጉልበትህ ትንሽ እጥፍ ይላል። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ኮርቻ ስለሚገፋህ ከመውረድህ በፊት አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ አርገው።

የጎማ አየርም አለ። ጎሚስታ ጋር ሄደህ ሙላልኝ ስትለው እንደ ድንጋይ አርጎ ይሞላልሃል፣ አስፋልት ላይ ደስ ይላል፣ ኮረኮንች ላይ ግን ጎማው ከጠጠር ጠጠር እየነጠረ መያዣ ያጣል። 70 ኪሎ ገደማ ለሚመዝን ሰው፣ ሰፋ ላለ ጎማ ከ25 እስከ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ይበቃል። ከዛ በጣም ከወረደ ደግሞ ከመነዳሪው፣ የውስጡ ጎማ፣ በቸርኬውና በድንጋዩ መሀል ተቆንጥጦ ይበሳል። ሲበሳ አውጥተህ እየው፣ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካለው አየሩ አንሶ ነው የተበሳው፣ አንድ ቀዳዳ ከሆነ ግን የቀጋ እሾህ ወይ ሚስማር ነው፣ አዲሱን ከማስገባትህ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጣትህ ቀስ ብለህ ዳብስ፣ እሾኩ እዛው ተሰክቶ ሊጠብቅህ ይችላል።

ይሄን ሁሉ አስተካክለህ በተከታታይ ሳምንታት ውጣ፣ ከዛ በኋላ ስለ መቀየር እናወራለን።

«እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሜሪላንድ ነው ምኖረው፣ ለገና ወደ ሀገር ቤት ስመጣ ለታናሽ ወንድሜ ማውንቴን ባይክ ላመጣለት ፈልጌ ነበር። ምን አይነት ላምጣ? ኤሌክትሪክ ቢሆንስ?»

እግዜር ይስጥህ፣ ወንድምህ ታድሏል። ኤሌክትሪኩን ግን ተወው፣ ባትሪው ለመንገደኛ አውሮፕላን ከሚፈቀደው ልክ በላይ ስለሆነ ሻንጣም ውስጥ እጅህም ላይ አያስገቡልህም። ተራውን አምጣ፣ የፊት ሾክ ብቻ ያለውን። የኋላ ሾክ ያለው ምቾት አለው፣ ግን እነዛ መጋጠሚያ ኩሽኔታዎች በክረምት ጭቃ ሲያልቁ እዚህ መለዋወጫ ፍለጋ ይሰቃያል።

ማንም ማይነግርህን አንድ ነገር ልንገርህ። የኋላው ማርሽ መቀየሪያ ሚንጠለጠልባት ትንሽ ብረት አለች፣ ሃንገር ይሏታል፣ ሳይክሉ ሲወድቅ ሌላው እንዳይሰበር እሷ እንድትጣመም ወይ እንድትሰበር ታስባ ነው የተሰራችው። ችግሩ ለእያንዳንዱ ሞዴል ቅርጿ ይለያያል፣ መርካቶን ብታስስ የዛን ሞዴል ላታገኝ ትችላለህ፣ እና ጥሩ ሳይክል በዚች ጣት በምታክል ብረት ምክንያት ወራት ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም አይቻለሁ። ስትገዛ የዛኑ ሞዴል ሁለት ሃንገር ጨምረህ ግዛ። የፍሬን ሸራ፣ ሁለት ሦስት ከመነዳሪና የካቴና መቀጠያም ያዝ። ሌላው የጎማው አየር መሙያ አፍ ነው፣ ቀጭኑ አይነት ከሆነ የጎሚስታ መሙያ አይገጥምለትም፣ ወይ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም አፍ ያለውን ከመነዳሪ ምረጥ ወይ ትንሿን መቀየሪያ ግዛለት።

ካርቶን ውስጥ ስትከት የግራው ፔዳል በተቃራኒ እንደሚፈታ አትርሳ፣ ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው ሚላላው። የጎማውንም አየር ቀንስ።

«ሳይክል ነጂ ነኝ፣ እንጦጦ ጫካ ውስጥ ቁልቁል ስንወርድ እንጨት የተሸከሙ ሴቶችና አህዮች መንገዱን ይዘጉብናል፣ ደወል ብንደውልም ቶሎ አይለቁም፣ አንዴ ልንጋጭ ነበር። ለነሱ ሌላ መንገድ ቢሰጣቸው አይሻልም ወይ?»

ወንድሜ ቅር እንዳትሰኝብኝ፣ መንገዱ እኮ የነሱ ነው። እነዛ ጎማችንን እየሳብን ምንወርድባቸው ቀጫጭን መንገዶች ከየት መጡ ብለህ ታስባለህ? ለኛ ብሎ የጠረጋቸው የለም። ባህር ዛፉ በምኒልክ ዘመን ከመጣ ጀምሮ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ ሚወርዱ እናቶች ናቸው በእግራቸው የከፈቷቸው። ለዛ ነው መንገዱ እንዲህ ጥሩ ሆኖ ሚታጠፈው፣ ገደሉን እየሸሸ፣ ዳገቱን እየሰበረ፣ ከባድ ሸክም የያዘ ሰው ማይረባ መንገድ አይመርጥማ።

አንዴ ቆም በልና በደንብ እያት። ሸክሙ ከጀርባዋ በገመድ ታስሮ፣ ገመዱ ትከሻና ደረቷ ላይ ገብቶ፣ ወገቧ እጥፍ ብሎ ነው ምትሄደው። አይኗ መሬቱን ነው ሚያየው፣ ሁለት እርምጃ ፊቷን ብቻ። ቀና ብላ ላይህ አትችልም፣ ቀና ካለች ሸክሙ ወደ ኋላ ይጥላታል። ጭነቱ ከመንገዱ ይሰፋል፣ በግራም በቀኝም የቅጠሉ ጫፍ ቁጥቋጦውን እየጠረገ ነው ሚያልፈው፣ ጆሮዋ አጠገብ ያ ሁሉ ቅጠል እየተንኮሻኮሸ ያንተን ደወል ከየት ትስማው? ብትሰማስ የት ትዝለል? 30 ኪሎና ከዛ በላይ ተሸክማ አንዴ ከወደቀች ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አትችልም። አንተ ግን ፍሬን አለህ። ማቆም ምትችለው አንተ ነህ፣ ስለዚ ማቆም ያለብህም አንተ ነህ።

እንዴት እንደምናልፍ ልንገርህ፣ እኛ ቡድን ውስጥ አዲስ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ምናስተምረው ይሄንን ነው። ማይታይ መታጠፊያ ጋ ስትደርስ እዛው ማቆም በምትችልበት ፍጥነት ግባ። ሰው ወይ ከብት ካየህ ሩቅ ሳለህ ቁም፣ ውረድ፣ ሳይክሉን ይዘህ ከመንገዱ ውጣ፣ ስትወጣ ደግሞ ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ሽቅቡ በኩል ቁም፣ ምክንያቱም የተጫነ አህያ ቦታ አይለካም፣ ጭነቱ ገፍቶ ቁልቁል ይልክሃል። ደወሉን ተወውና በድምፅህ «እንደምን አደራችሁ እናቶቼ፣ በርቱ» በል፣ ሰው መኖሩንም ያውቃሉ አይደነግጡምም። ከኋላ ከደረስክባቸው ትንሽ ሰፋ ያለ ቦታ እስኪመጣ ቀስ ብለህ ተከተል፣ ራሳቸው እለፍ ይሉሃል። ጭንቅላትህ ላይ ካሜራ ካለህ አጥፋው፣ እነሱ ሸክም ላይ ሆነው መቀረፅ አልፈለጉም።

እሁድ ጠዋት ደግሞ ወደ ማርያምና ወደ ራጉኤል ሚሄደው ምዕመን፣ ወደ ኪዳነ ምሕረት ፀበል ሚወርደው ታማሚ አለ፣ ቤተክርስቲያን አካባቢ ከሳይክል ወርዶ መግፋት ነው፣ ይሄ ላይ ድርድር የለም። በፍጥነት መውረድ ሚያምርህ ከሆነ እንጦጦ ፓርክ ውስጥ ለሳይክል የተሰራ መንገድ አለ፣ ፓርኩ ከተከፈተ ከ2013 ዓ.ም መስከረም ጀምሮ ክፍት ነው፣ እዛ ሂድ፣ እዛም እግረኛ እንዳለ ሳትረሳ። የሴቶቹን መንገድ ግን እንደ እንግዳ ነው ምንሄድበት። «ሌላ መንገድ ይሰጣቸው» ሚለውን ቃል ደግመህ እንዳትለው እለምንሃለሁ።

«ከጎሮ ነኝ፣ ሴት ነኝ፣ 26 አመቴ ነው። ዳገት ይቀለኛል ቁልቁለት ግን እጄ እስኪደነዝዝ ፍሬን ይዤ ነው ምወርደው፣ እፈራለሁ። ሌላው ደግሞ መንገድ ላይ ሚወረወረው ቃል፣ ሱሪውን በተመለከተ ምናምን፣ አንዳንዴ ቤት ልቀር ነው ምለው።»

እህቴ በመጀመሪያ ቤት እንዳትቀሪ! ስለ ቃሉ ከልቤ አዝናለሁ፣ ጥፋቱ የነሱ ነው ያንቺ አይደለም። እስኪለምዱ ድረስ ብዙዎቹ ሴት ጓደኞቻችን ሚያረጉት ስፖንጅ ያለውን ቁምጣ ከውስጥ ለብሰው ከላይ ሰፋ ያለ ቱታ መደረብ ነው፣ የቀኙን እግር ቱታ በላስቲክ እሰሪው ካቴናው እንዳይበላው። ግን ጠባቡን መልበስ ከፈለግሽ መብትሽ ነው፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ስትሄዱ ደግሞ ቃሉም ይቀንሳል። መቀሌ ብትሄጂ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ማየት ማንንም አይገርምም፣ እየሩ ገብሩ ከዛው ከትግራይ ተነስታ በስደተኞች ቡድን በፓሪስ 2024 ኦሎምፒክ በጎዳና ብስክሌት እስከመወዳደር ደርሳለች።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። መጀመሪያ የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅሽ እንደሆነ እርግጠኛ ሁኚ፣ ከእንግሊዝና ከጃፓን የመጡ ያገለገሉ ሳይክሎች ላይ የፊቱ በቀኝ ነው፣ ከአሜሪካና ከሌላው አውሮፓ የመጡት ላይ በግራ ነው፣ ከሰው ተውሰሽ ስትነጂ ይሄ ያደናግራል። ብዙ ሰው የፊቱን ፍሬን ከፈራው የኋላውን ብቻ ይይዛል፣ ግን ሚያቆምሽ በአብዛኛው የፊቱ ነው፣ የኋላው ብቻ ሲያዝ ጎማው ይንሸራተታል። ሁለቱንም በአንድ አንድ ጣት፣ ቀስ ብለሽ እየጨመርሽ ያዢ፣ ድንገት አትጨብጪ።

ከኮርቻው ተነሺ። ሁለቱ ፔዳሎች እኩል ከፍታ ላይ ይሁኑ፣ ጉልበትና ክርንሽ እጥፍ ይበሉ፣ ወገብሽ ወደ ኋላ ሸሸት ይበል፣ ተረከዝሽን ዝቅ አርጊ። ክብደትሽን እጅሽ ሳይሆን እግርሽ ይሸከመው፣ እጅሽ ሚደነዝዘው አንዱ በዚህ ነው። ሌላው ያለማቋረጥ ፍሬን መያዝ ነው፣ ያለማቋረጥ ከተያዘ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ማቆም ይቀንሳል። ቀጥ ባለውና ጥሩ መሬት ባለበት ላይ በደንብ ያዢና ፍጥነትሽን ቀንሺ፣ መታጠፊያው ውስጥ ስትገቢ ልቀቂው። አይንሽ ደግሞ የፈራሽውን ድንጋይ አይይ፣ ሳይክል አይን ወዳየበት ነው ሚሄደው፣ መውጫውን እዪ።

ሰው በሌለበት፣ ሳር ባለው ትንሽ ቁልቁለት ላይ ይሄን ደጋግመሽ ተለማመጂ፣ እንጦጦ ላይ ሳይሆን። እንጦጦ ላይ የባህር ዛፍ ጉቶ አለ፣ የተቆረጠው ግንድ ሳር ውስጥ ተደብቆ ፔዳል ይመታል፣ የተላጠ ቅርፊቱም ዝናብ ሲነካው እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እርጥብ ስር ስታገኚ በትይዩ ሳይሆን በመስቀለኛ፣ ፍሬን ሳትነኪ እለፊው። የክረምቱን ቀይ ጭቃ ግን ባንነዳበት ደስ ይለኛል፣ ጎማችን ቦይ ይከፍትና ውሃው ይዞት ይሄዳል፣ በዛ ቦይ ውስጥ ነገ ሸክም ይዛ ምትወርድ ሰው አለች።

«የ13 አመት ልጄ የተራራ ብስክሌት ካልገዛሽልኝ ብሎ ያስጨንቀኛል። መኪናውን እፈራለሁ፣ ጎረቤት ደግሞ ይሄ የስራ ፈት ነገር ነው ይለኛል። በሀገራችን የብስክሌት ስፖርት ሚባል ነገር አለ እንዴ?»

እናቴ፣ አለ፣ ያውም የቆየ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ስትሄድ፣ በ1949 ዓ.ም ሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፣ ገረመው ደንቦባ አንዱ ነው። በ2008 ዓ.ም ደግሞ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ከጎረቤታችን ኤርትራ ቢንያም ግርማይ በ2016 ዓ.ም እዛው ውድድር ላይ ሦስት ቀን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ስራ ፈትነት አይበሉት።

መኪናው ግን እውነት ያስፈራል፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ለጊዜው አስፋልት ዳር እንዳይነዳ አደራ ይበሉት፣ መንገድ ለሰው ተብሎ ለመኪና በሚዘጋበት ቀን ወይም በኮሪደር ልማቱ በታደሱት መንገዶች ላይ ባለው የብስክሌት መስመር ከትልቅ ሰው ጋር ይጀምር። ሲገዙለት «ያድግበታል» ብለው ትልቅ እንዳይገዙለት፣ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ሲቆም የሳይክሉ ብረት ከእግሩ መሀል በደንብ ዝቅ ማለት አለበት። ከገንዘቡ ለሄልሜት አስቀድመው ይቀንሱ፣ ከቅንድቡ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ክፍት ትቶ ይሁን፣ ወደ ኋላ ተገፍቶ ግንባሩ ከታየ አያድነውም። አንዴ በሀይል ከተመታ ባይሰነጠቅም ይቀየራል። ለካቴናው ደግሞ የተቃጠለ የመኪና ዘይት እንዳይቀባው ይንገሩት፣ አቧራ ይሰበስብና ጥርሱን ይበላዋል፣ በጨርቅ ጠርጎ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ ማድረግ ይበቃዋል፣ ዲስክ ፍሬን ካለው ዘይቱ ዲስኩን እንዳይነካ።

«ውሻ ሲያባርር ምን ይደረጋል? ጅብስ?»

ሮጠህ አታመልጥም፣ ዳገት ላይማ በጭራሽ። ፍጥነት ሲያይ ነው ውሻ ሚብሰው፣ ብዙ ጊዜ ከሳይክሉ ወርደህ ሳይክሉን በአንተና በሱ መሀል አርገህ፣ ረጋ ባለ ኮስታራ ድምፅ እየተቆጣህ ቀስ ብለህ ስትገፋ ይመለሳል፣ ባለቤቱም ይጠራዋል። ጅቡን በተመለከተ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ከጫካው ውጡ፣ ጠዋትም በደንብ ሳይነጋ አትግቡ፣ ብቻህን ደግሞ በጭራሽ።

ውሻ ከነከሰህ ግን፣ ጭረትም ብትሆን፣ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና ቢያንስ ለ15 ደቂቃ እጠበው፣ እዛው ካለው ምንጭም ሆነ ከያዝከው ውሃ ጀምር፣ ከዛ በዛው ቀን ጤና ተቋም ሄደህ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ጀምር። ውሻው ጤነኛ ይመስላል ብለህ አትጠብቅ፣ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም፣ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተጀመረና የተሰጠህን ቀጠሮ ሁሉ ከጨረስክ ያድናል። ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ቁስሉ ደርቋል ብለህ እንዳትቀር።